ጉልበት የሚሳምበት ከፍታ

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ትርሲት በሠርጓ ቀን የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ከቬሎዋ ስር የለበሰችው ጀርባ የሚያቀና የብረት ሰደርያ እንደ አጥር ችካል ገተራት። ደግማ ሞከረች፤ አልበገር አላት። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የቀዶ ሐኪም አከርካሪ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ጡረታ እስኪወጣ አይጎብጥም፣ ሰደርያውም አይወልቅም።

ሕጉን ያረቀቁት ደግሞ አባቷ ፕሮፌሰር አያልነህ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ሆድ ላይ አቀርቅረው ሲሰፉ አንገታቸው እንደታጠፈ ቀርቷል። ሰው የሚለዩት በጫማው ነው።

«ጉልበቴ ሳይሳም አልመርቅም» አሉ ከወንበራቸው።

«አባዬ፣ ያንተው ሕግ እኮ ነው።»

«ለሥራ ነው እንጂ ለሠርግ አላረቀቅኩትም።»

«እስቲ ለሰደርያው ንገረው።»

አክስቷ እትዬ ብርነሽ ትዕግሥታቸው አለቀ። «በሽተኛውን ከፍ አድርጋችሁ አይደል የምትሠሩት? እሱንም ከፍ አድርጉታ።»

አራት ሚዜዎች ፕሮፌሰሩን ከነወንበራቸው አንስተው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰቀሏቸው። ትርሲት ቀጥ ብላ እንደቆመች ጉልበታቸውን ሳመች። አንገታቸው እንደታጠፈ ዓይናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ አረፈ።

«ለካ እናትሽን ነው የምትመስዪው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ጫማሽን ብቻ ነበር የማውቀው።»

መረቋት፤ እልልታው ቀለጠ።

«በሉ አሁን አውርዱኝ።»

ማንም አልመጣም። አራቱ ሚዜዎች ወገባቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሁሉም የባንክ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰደርያ የላቸውም።

«ፕሮፌሰር» አለ አንደኛው እያቃሰተ፣ «እዚያው እንዳሉ የእኛንም ሕግ ያርቅቁልን።»