ሦስተኛው ሽፋን

ስልኩ ሲጠራ ሰሎሜ ደንበኛዋ ሙሚና ያመጣችውን የነጭ ጋዝ ጠርሙስ ወዝውዛ ባንኮኒው ላይ ማስቀመጧ ነበር። ውሃው ከታች፣ ጋዙ ከላይ ሆነው ተለያዩ። «ይኸው፣ ነጋዴው ማጂ፣ ውሃ ቀላቅሎ ነው የሸጠልሽ» አለቻትና ስልኩን አነሳች። የቀድሞ ፕሮፌሰሯ ነበር፣ ከአውሮፓ ሞያሌ ሱቋ ድረስ የደወለው።

«ሰሎሜ፣ ልጄ» አላት፤ አብራው ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም። «ጉድ ሆኛለሁ። ሙከራውን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ፊቴ ቆመዋል፤ አሲዱና ነጭ ጋዙ አልለያይ ብለው መሃላቸው እንደ ሙጫ ያለ ሦስተኛ ሽፋን ሠራ።»

ለሙከራው የሚጠቀምበትን ሞለኪውል የሠራችው እሷ ነበረች። በናይትሮጅን ጥርሶቹ የኑክሌር ቆሻሻ ውስጥ ያለውን ጨረር አመንጪ ብረት፣ አሜሪሲየምን ነክሶ ወደ ነጭ ጋዙ ያወጣል፤ መንትያው የሚመስለውን ዩሮፒየምን እዚያው አሲዱ ውስጥ ይተወዋል። ፕሮፌሰሩ ስሟን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። ሦስተኛ ሽፋን እንዳይፈጠር ነጭ ጋዙ ላይ ጠብ የምታደርጋትን አልኮል ግን የትም አልጻፈቻትም ነበር።

«ስፒከር ላይ ያድርጉኝ» አለችው። «ማን እንደሠራው ለእንግዶቹ ይንገሯቸው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሞለኪውሉን የሠራችው እሷ እንደሆነች፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ ለእንግዶቹ ሲናገር ሰማች። እንግዶቹ አጉረመረሙ።

«ይኸው ተናገርኩ። አሁን ምን ልጨምር?»

ሰሎሜ የሙሚናን ጠርሙስ አየችው፤ ውሃውና ጋዙ ጥርት ብለው ተለያይተዋል።

«የሚጨመረው አልቆብናል፣ ጋሼ» አለችው። «ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።»