የሰዲቅ ግራ እጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የእሁድ ተጓዦች የሚባሉት ዘጠኝ ናቸው። በማለዳ ተነስተው፣ በሽንኩርት እርሻው አድርገው የሮቢን ወንዝ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ወንዙን ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሻገሩት።

ዐምና አሥር ነበሩ። እዚህ ፀሐይ ነበር፤ ደብረ ሲና ላይ የጣለው ዝናብ ግን ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣና ከሰልፉ መጨረሻ የነበረውን ሀይሉን፣ ያንን አመልካች ጣቱን መጋዝ ከግማሹ የቆረጠበትን አናጢ፣ ይዞት ሄደ። እጁን ይዞት የነበረው ሰዲቅ «ውሃው ነጠቀኝ» አለ። ሁሉም አመኑት። ዓመት ሙሉ እንደ ሬት ሲመረው የኖረው ይኸው እምነታቸው ነው።

ዛሬ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ቢሆንም ልማድ ነውና ተያያዙ። መጨረሻ የቆመው ሰዲቅ ነው፤ ቀኙን ራቢዓ ያዘችው፣ ግራው ባዶ ነበር።

መሀል ሲደርሱ ግራውን አንድ እጅ ያዘው። ቀዝቃዛ ነው። አመልካች ጣቱ ከግማሹ የለም።

«ሰዲቅ፣ ምነው ወደ ኋላ ትጎትተኛለህ?» አለች ራቢዓ። «አላህን ፍራ፣ ልትጥለኝ እኮ ነው!»

ከፊት ያሉትም አንድ በአንድ መንገዳገድ ጀመሩ።

ዞሮ አላየም። እንደዚያን ቀን፣ በገዛ ፈቃዱ፣ የግራ እጁን ጣቶች ፈታ።

ያኛው እጅ ግን አልለቀቀውም።