የኢክራም ላፕቶፕ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የሐረር ጎዳና ጭር ይላል። ወንዱ በርጫ ላይ ነው፤ ባለሱቁም በሩን ገርበብ አድርጎ ያሸልባል። አቦከር መንገድ ዳር ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሊዲያ ብቻዋን ተቀምጣ የተነቀለ ኪቦርድ ትጠርጋለች። አባቷ ወታደር ነበር። ወደ ሐረር ሲመደብ በጨቅላነቷ ይዟት መጣ፤ እዚሁ አደገች።

ሰውየው ሳያንኳኳ ገባ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ኮፊያ ያደረገ ሰው ነው። በሻሽ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ዞሮ የመስተዋቱን በር ዘጋው።

«ይሄን ክፈቺልኝ። ዛሬውኑ» አለ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ትናንት አዲሱን ሲስተም ልጫን ብሎ ጠየቀ፤ እሺ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጨለማ ነው።»

«የርስዎ ነው?»

«የልጄ ነው። የኢክራም።»

«እሷ ራሷ ብትመጣ ይሻል ነበር፤ አንዳንድ የምጠይቃት ነገር አለ።»

«አትመጣም።»

ሊዲያ የደረሰኝ ጥራዟን ሳበች። «እንግዲያው ስምና ስልክዎን ይንገሩኝና ነገ ጠዋት...»

«ስም አያስፈልግም። እዚሁ እጠብቃለሁ።»

በርጩማውን ጎትቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ዓይኑ ከመንገዱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መንገዱ ይመላለሳል።

ማብሪያውን ተጫነች። የአምራቹ ምልክት ብቅ አለ፣ ትንንሽ ነጠብጣቦች ዞሩ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ሌላ ስክሪን አምጥታ ሰካችበት፤ እሱም ጠቆረ። ውስጥ ያለው ማራገቢያ ግን ይዞራል። ስለዚህ ማሽኑ አልሞተም። መነሳት ሲጀምር ሦስት ጊዜ አከታትላ አጠፋችው፤ በአራተኛው የጥገናው ገጽ መጣ። የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ በሚያስነሳው በሴፍ ሞድ አስነሳችው። የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ሰውየው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ጽሕፈቱ የሴት እጅ ነው፤ ፊደሎቹ ተንቀጥቅጠዋል። ጥጉ ላይ የደረቀ ደም አለ።

ሊዲያ ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ገባላት።

«ፎቶዎቹ አሉ?» ሰውየው ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። «አሳዪኝ።»

የፎቶውን ማህደር ከፈተች። ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። በሚቀጥለው ፎቶ አንገቷ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ። በሚቀጥለው ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ፎቶዎቹ የአንድ ቀን አይደሉም፤ የዓመት ናቸው።

ሰውየው ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማችው።

«በቃ ዝጊው። ሌላ ቦታ ቅጂ ይኖረዋል?»

«አ... አይመስለኝም።»

«ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እሺ አባባ።»

ፎቶዎቹን ሊያጠፋ ነው የመጣው፣ አለች በልቧ።

የሰውየው ስልክ ጮኸ። በሩን ሳይዘጋ በረንዳው ላይ ወጥቶ ከመስተዋቱ ማዶ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሐረሪ ማውራት ጀመረ። ሊዲያ ቋንቋውን ባትናገረውም ሰፈር ውስጥ እየሰማች አድጋለች። ከከተማው ወጣ ያለችውን መንደር፣ «ሶፊ» አለ። «ናፊያ ቤት» አለ። «እንዳትወጪ፤ ማንም ቢጠራሽ እንዳትከፍቺ። ስልክሽንም አጥፊው።»

ሥራዋን ካቆመች ይጠረጥራል። ስለዚህ ቀጠለች። ችግሩ አዲሱ ሲስተም ይዞት የመጣው የስክሪን ድራይቨር፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም ነበር። እሱን አውጥታ የድሮውን መለሰችና ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ስክሪኑ በራ። መሥራቱን ለማረጋገጥ የኢንተርኔት ገመዱን ሰካች።

መልእክቶች ተንጋግተው ገቡ። ሁሉም ከአንድ ሰው ናቸው፤ ዐድናን ይላል፣ ከስሙ ጎን ቀይ ልብ አለ።

«የት ነሽ የኔ ሕይወት?»

«አባትሽ የት ወሰደሽ?»

«እንቅልፍ አጣሁ። የት እንዳለሽ ብቻ ንገሪኝ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ሊዲያ ቀና አለች። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ግን አንድ እርምጃ ቢራመድ በሩ ላይ ነው። ፖሊስ ጋ ብትደውል ድምፅዋን ይሰማል። አምና ጎረቤቷ አበበች ስትጮህ ሰምታ የባልና ሚስት ነገር ነው ብላ ዝም ብላ ነበር። በማግስቱ አበበችን በቃሬዛ ሲያወጧት በር ላይ ቆማ አይታለች።

ስልኳን ጠረጴዛው ሥር አድርጋ የዐድናንን ቁጥር ገለበጠች። እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ኢክራም ሶፊ ናት፤ ናፊያ የምትባል ሴት ቤት ተዘግቶባታል። አባቷ አሁን እዚህ ሐረር ነው። ቶሎ ድረስላት።»

መልሱ ደቂቃ አልፈጀም።

«አመሰግናለሁ እህቴ። ሞተር ላይ ነኝ።»

ሊዲያ ሰውየው ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ስልኳን ኪሷ ከተተች።

ሰውየው ተመልሶ ገባ። የበራውን ስክሪን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ኮፊያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«ተከፈተ?» አለ በመጨረሻ።

«ተከፈተ።»

«ፎቶዎቹም?»

«ሁሉም አለ።»

«አላህ ያክብርሽ ልጄ፤ ነገ ችሎት ላይ ዳኛዋ በዓይኗ ታየዋለች። ኢክራምን ያ ባሏ እስኪታሰር ድረስ እህቴ ናፊያ ቤት ደብቄያታለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዐድናን ያንን ቤት አያውቀውም።»