የጋሽ በድሩ ተረከዝ

ቁጭ ስንል እንደገና አየሁት። ከፊቴ ባለው ረድፍ የሚሰግዱት ጋሽ በድሩ ቀኝ እግራቸውን አቁመው ተቀምጠዋል፤ ውስጥ እግራቸው በቀጥታ ወደ እኔ ዞሯል። ተረከዛቸው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ጥቁር ነገር አለ። መሐሉ ቆስሏል።

አምና ጥቅምት ላይ የምስር ፍሬ ያህል ነበር። የማውቀው እኔው ራሴ ስላየሁት ነው። እዚሁ አቃቂ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ነኝ፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር ሳዲቅ» ይለኛል፣ እኔም ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። የዚያን ቀን ሰልፉ ከክፍሌ በር እስከ ግቢው ድረስ ነበር። እግራቸውን አየት አድርጌ ፈንገስ ነው አልኩና ቅባት ጻፍኩላቸው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

በተማርኩበት መጽሐፍ ላይ የቆዳ ካንሰር ማለት የፈረንጅ አፍንጫና የፈረንጅ ጀርባ ነበር። እንደኛ ያለ ጥቁር ሰው ላይ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ተደብቆ እንደሚወጣ የሰማሁት በኋላ፣ በሦስት ቀን ሥልጠና ላይ፣ የመንግሥት ሆስፒታሉ የቆዳ ሐኪም ከሆነችው ከዶክተር ፌኔት ነው። ያን ዕለት ጋሽ በድሩ ትዝ ብለውኝ ነበር። ካልተሻላቸው ይመጣሉ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲል ተነሳን። ከቁርአን ምን እንደቀራሁ፣ የሶላቱ ስንተኛ ረከዓ ላይ እንደሆንን ጠፋኝ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ የማስበው ስለ ሪፈር ወረቀት ነበር። ብጽፍላቸው የመንግሥት ሆስፒታሉ ለግንቦት ይቀጥራቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት የላክኋትን ሴት ለግንቦት ነው የቀጠሯት። ገና ኅዳር ነው። ቦሌ ካሉት የግል ክሊኒኮች አንዱ ጋ ቢሄዱ ዛሬውኑ ከሰዓት ይታያሉ። ጋሽ በድሩ ግን የሚሸጡት ሳፋና ጆግ ነው፤ ቦሌን ጭራሽ ላነሳላቸው አፈርኩ።

ሶላቱ እንዳለቀ ተሽቀዳድሜ ወጣሁና ጫማ መደርደሪያው ጋ ጠበቅኋቸው። እዚያ መናገር አቃተኝ። እስከ ሱቃቸው ድረስ አብሬያቸው እየሄድኩ ስለ መንገዱ ቁፋሮ አወራሁ፤ ስለ ቁፋሮው እኮ ምንም አይገደኝም። ሱቁ በር ላይ ዱካ ስበው ሲቀመጡ ካልሲያቸውን እንዲያወልቁልኝ ለመንኳቸው።

እየሳቁ አወለቁ። ቅባቱ ጥሩ ቅባት ነው አሉኝ፤ ማሳከኩን ትቷል፤ እንዲያውም ግማሹን አጠገባቸው ላለው በያጅ ለፈየራ አካፍለውታል። ያምዎታል ወይ ስላቸው ጭራሽ አሉ። ለማያም ነገር ሱቁን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ማን ይሰለፋል? ተረከዛቸውን በስልኬ አንስቼ ለዶክተር ፌኔት በቴሌግራም ላክሁ። ኔትወርኩ ይጎተታል። ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ የሱቁን ደጃፍ ስመላለስበት፣ ጋሽ በድሩ አንዴ ቁጭ በል አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ፎቶው እንደደረሳት ደወለች።

«ዛሬ ነው ያየኸው?» አለችኝ።

«አምና ነው፣ ዶክተር።»

«እሺ» ብቻ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይዘሃቸው ና። ከሰልፍ ውጪ ነው የማስገባቸው፤ እሳቸውን ብቻ። ሌላ ሰው እንዳታስከትል፣ እባክህ። እዚህ በሬ ላይ ከጎንደር የመጣ ሰው ሁሉ ተኝቶ እየጠበቀ ነው።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ባለ ነገር ደስ ማለቱ ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ። ሰው ስላወቅሁ ስድስት ወሩ በአንድ ስልክ ቀለጠ። ጋሽ በድሩ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሽ በድሩ፣ አምና ተሳስቻለሁ። ፈንገስ አይደለም። ካንሰር ሊሆን ይችላል።»

ተረከዛቸውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። ይቆረጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነገ እናውቃለን አልኩ። አልተቆጡኝም፣ አምናን ጭራሽ አላነሱብኝም። ካልሲያቸውን ቀስ ብለው እያጠለቁ ሳለ ድንገት ቀና አሉ። ቅባቱን ያካፈሉት ሰው ትዝ ብሏቸዋል።

«ፈየራ!» ብለው ወደ ጎን ተጣሩ። «ሥራህን ተወውና ና። እግርህን ዶክተር ይይልህ።»

ፈየራ እጁን በቱታው እየጠረገ መጣ። ቦቲውን ሲያወልቅ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጥቁር ነው። የብረት በር ወድቆበት እንደሆነ ነገረኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቅባቱ ለዚህ ምንም አልፈየደም። በር የወደቀበት ጥፍር በሁለት ዓመት አድጎ ተቆርጦ ይጠራል። ይሄኛው አልጠራም። ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ ቆዳው ላይ ወጥቷል። ዶክተር ፌኔት በሥልጠናው ላይ ይህንኑ አሳይታን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደግማ።

ጋሽ በድሩ ፊቴን ሲያዩ ገባቸው።

«እሱም ነገ አብሮን ይሄዳላ» አሉ።

ዶክተር ፌኔት «ሌላ ሰው እንዳታስከትል» ያለችኝ ገና ጆሮዬ ላይ ነው። ፈየራ በአንድ እግሩ ቆሟል። የጋሽ በድሩን ትከሻ ተደግፎ፣ እግሩን ወደ እኔ እንደዘረጋ፣ መልሴን ይጠብቃል።