ሦስት ጊዜ የተሰረዘው ጨረታ

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በድርቁ ዓመት ወንዙ ደረቀ፣ ከብቱም አለቀ። ጎረቤቴ ይመናሹ የመጨረሻ ውሃዋን ለእኔ ሰጥታ ሞተች። ስሟን ለልጅ ልጄ ላወጣ ቃል ገባሁ።

አሁን ግን ጤና ጣቢያው በልደት ወረቀት ላይ አትሞ ያልሰጠውን ስም መጥራት ያስቀጣል። የማተሚያና የስካነር ግዥው ጨረታ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ። የልጅ ልጄ ያለ ስም አራት ዓመት ሞላት። እናቷ ለምሳ በመዝገብ ቁጥሯ ስትጠራት፣ «አርባ አንድ፣ እጅሽን ታጠቢ!» ትላለች።

ዛሬ የግዥ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት።

«አባባ፣ በአራተኛው ጨረታ ማተሚያው መጥቷል፤ ስካነሩ ቀረ። አብረው ካልገቡ ካርቶኑ አይከፈትም።»

«እስኪከፈት እሞታለሁ፣ ልጄ!»

«የሞት ወረቀትዎም የሚታተመው ያኔ ነው።»

ወጣሁ። አብራኝ የመጣችው ልጅ በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ትጫወታለች።

«ይመናሹ!» አልኩ፣ ዘበኛው እየሰማ።

ዞር አላለችም። ሄጄ እጇን ያዝኩ።

«ማናት እሷ?»

«አንቺ ነሽ።»

ዘበኛው የቅጣት ደብተሩን አወጣ። የሠላሳ ዓመት ዕዳዬ ግን ተከፍሏል።