ለሰላጣ የተገዛ ሎሚ

ለሰላጣ የገዛሁት ሎሚ እየጎደለ ነበር። ጎንደርን ከለቀቅን ጀምሮ ቅርጫቱን ባየሁ ቁጥር ቀንሶ አገኘዋለሁ። በተከራየነው፣ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴ ይርጋ፣ ሁለቱ ትንንሽ ልጆቻችንና ሞግዚታቸው ብርቄ ብቻ ነን። ይርጋ እየነዳ ነው። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ታስረዋል።

ሊማሊሞን መውረድ ጀመርን። ድሮ ታክሲ ውስጥ እንኳ ያስመልሳቸው የነበሩት ልጆች ገደሉን እያዩ ይዘፍናሉ። ይርጋ መኪናውን ሲከራይ፣ “አዲሶቹ ወንበሮች ማቅለሽለሹን ይወስዱላቸዋል” ብሎኝ ነበር። ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቅኩም።

ብርቄ ኋላ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትራሷን ብድግ ሳደርገው ሎሚዎቼን አገኘኋቸው፤ ሁሉም በጥፍር ተቧጭረዋል።

“ከኔ ትሰርቂያለሽ?”

“አልበላኋቸውም እትዬ። እያሸተትኳቸው ነው።”

“አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው መኪና የማይስማማሽ?”

“የኔ አይደለም፤ የልጆቹ ነው።” ከንፈሯ ደርቋል። “ወንበሩ ማቅለሽለሹን ወደ ትልቅ ሰው ካላሻገረው አይለቃቸውም። ጋሼ ነግረውኛል። እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።”

ወደ ይርጋ ዞርኩ። በመስታወቱ እያየኝ ነበር።

“ወደ አንቺ ላዙረው?” አለኝ። “አንድ ቁልፍ መንካት ነው።”

በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መጨረሻው አይታይም። ልጆቹ መዝሙራቸውን እንደገና ጀመሩ።

ቅርጫቱን አንስቼ ብርቄ አጠገብ አስቀመጥኩት።

“ሰላጣውን ያለ ሎሚ እንበላለን” አልኩ።