ከነፍሬው የተፈጨ ዳጣ

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሁሉ ከሁለት መርፌዎች አንዱን መወጋት ግድ ከሆነ ወዲህ እህትማማቾቹ ተለያዩ። ዘቢደር ከፍልፈል የተቀመመውን መረጠች፤ ዕድሜዋን ባለበት አቆመላት፣ ሕመምንም ሆነ የማቃጠል ስሜትን ከገላዋ አጠፋ። ታላቋ ትርንጎ የጄሊፊሹን ተወግታ እንደዚያ የባሕር ፍጥረት ወደ ልጅነቷ ተመለሰች፤ የኖረችውን ግን ረሳች።

«ፍልፈል ቢያንስ የቆፈረውን ጉድጓድ ያውቃል» ትላለች ዘቢደር። «ያ አጥንት የለሽ ግን ውሃው በወሰደው ይሄዳል።»

ዛሬ የመጨረሻው ጉብኝት ነው። ትርንጎ እህቷን ካላወቀች መንግሥት ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣታል።

ዘቢደር ለቆጮው የሚሆን ዳጣ ፈጨች። ብትቀምሰው እንደ ውሃ ሆነባት፤ ቃሪያ ጨመረች፤ ቀመሰች፤ አሁንም ጨመረች።

«እትዬ፣ ባይደክሙ ይሻላል። ሁለት ጊዜ መጥታ አላወቀችዎትም እኮ» አለ ትርንጎን ይዞ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ።

«አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

ኮረዳ የመሰለችው ትርንጎ አንዴ ጎረሰች። ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ አፏን ይዛ ብድግ አለች።

«አንቺ ዘቢዬ! ዛሬም ከነፍሬው ፈጨሽው? ፍሬውን አራግፊ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ!»

ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ ዘቢደር ላይ አፈጠጠ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ጻፍ እንጂ! እህቷን አወቀች በል!» አለችው ዘቢደር ወገቧን ይዛ።

ከዚያ የተረፈውን ዳጣ በጣቷ ጠራርጋ ላሰችው። ምንም አላቃጠላትም።

«አንቺ ደግሞ ስሚኝ፤ እስክሞት ከነፍሬው ነው የምፈጨው!»